18 ያሸነፈው ቡድን 14 ካሸነፈው በታች የሚሆነው እንዴት ነው? (የሴቶች ሃይስኩል ባስኬት ደረጃ፣ ዲሲ - ሜሪላንድ - ቨርጂኒያ)

የጂም_በር
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ፌብሩዋሪ ሲገባ የወላጆች ግሩፕ ሁሉ የደረጃ ስክሪንሾት ይሆናል። አንዱ ማክስፕሬፕስን (የሃይስኩል ስፖርት ውጤትና ደረጃ የሚያወጣውን ድረ ገጽ) ይለጥፋል፣ ሌላው የጋዜጣ ዝርዝር ያመጣል፣ ሦስተኛው ከኢንስታግራም ማን እንዳወጣው የማይታወቅ «ቶፕ 20» ይልካል። አንዱ ከሌላው አይገጥምም። 18 አሸንፎ 4 የተሸነፈ ቡድን 14 አሸንፎ 8 ከተሸነፈው በታች ተቀምጧል፤ ይህ በምን ሒሳብ ነው? ደግሞስ ይህ ደረጃ ለልጅቷ ለራሷ፣ ለኮሌጅ ማለቴ ነው፣ የሚፈይደው ነገር አለ? የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱ።

ስኮርቡክ
ሦስቱ የማይገጥሙት የሚለኩት ነገር የተለያየ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ነው። ውጤት ይገባለታል፣ ቁጥር ያወጣል፣ ማንንም በስም አያውቅም። ሁለተኛው ሰው ነው፤ ጋዜጠኛ ወይም ጥቂት አሰልጣኞች ተቀምጠው ማን ከማን ይሻላል ይላሉ። ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ ካምፕ ወይም ቪድዮ ሻጭ ነው፤ ዝርዝሩ ማስታወቂያው ነው። እሱን ተዉት።

የሰው ዝርዝር የታወቀ አመል አለው። ከሲዝኑ በፊት የሚወጣው ባለፈው ዓመት ውጤት ላይ፣ ማን ተመረቀች ማን ቀረች በሚለው ላይ ነው የሚቆመው። ከዚያ ወዲያ ቡድኑ ካልተሸነፈ ከወንበሩ የሚያስነሳው የለም። ዲሴምበር ላይ 3ኛ የተባለ፣ ደካማ ደካማውን እየመረጠ ሲያሸንፍ ጃንዋሪ መጨረሻም 3ኛ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ በተቃራኒው ዲሴምበር ላይ ይቀባዥራል፤ ቡድኖቹ አራት አምስት ጨዋታ ብቻ ስላላቸው አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ የጋራ ተጋጣሚ ገና የለም። አንድ ቡድን 12 ወይም 13 ጨዋታ ሳይሞላ በኮምፒውተር ደረጃ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው።

ሀ_ለ_ሐ_መ
የ18 እና የ14ን ነገር በቁጥር እንየው። አርፒአይ የሚባለው ቀመር ግልጽ ስለሆነ በሱ እንጀምር። ኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ) ለረጅም ዓመታት በተጠቀመበት መልኩ ሦስት ነገር ይደመራል፦ የቡድኑ የራሱ የማሸነፍ መጠን 25 በመቶ፣ የተጋጣሚዎቹ 50 በመቶ፣ የተጋጣሚዎቹ ተጋጣሚዎች 25 በመቶ።

ቡድን ሀ 18 አሸንፎ 4 ተሸንፏል፦ 0.818። ተጋጣሚዎቹ በአማካይ 0.480፣ የነሱ ተጋጣሚዎች 0.500 ይሁኑ።
0.2045 + 0.240 + 0.125 = 0.5695

ቡድን ለ 14 አሸንፎ 8 ተሸንፏል፦ 0.636። ተጋጣሚዎቹ 0.620፣ የነሱ ተጋጣሚዎች 0.560።
0.159 + 0.310 + 0.140 = 0.609

ለ ከሀ በላይ ተቀመጠ። አራት ጨዋታ ተጨማሪ ማሸነፍ በዚህ ቀመር የሚያመጣው 0.045 ብቻ ነው፤ ጠንካራ ተጋጣሚ መምረጥ ግን ብቻውን 0.070 አመጣ። ግማሹ ክብደት ያለው እዚያ ስለሆነ ነው።

ማስታወሻ፦ የተጋጣሚን የማሸነፍ መጠን ስታሰሉ ከናንተ ጋር የተጫወተውን አውጡት። አለበለዚያ ባሸነፋችሁት ቁጥር የተጋጣሚያችሁን መጠን፣ በዚያውም የራሳችሁን ነጥብ ትቀንሳላችሁ። በኤክሴል በእጅ የሚሠሩ ሰዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ቀመር የነጥብ ልዩነት ያያል። በቀላሉ፦ የቡድኑ አማካይ ልዩነት ሲደመር የተጋጣሚዎቹ አማካይ ነጥብ። ቡድን ሀ በአማካይ በ11 ያሸንፋል፣ ተጋጣሚዎቹ ግን ከመካከለኛው ቡድን በ4 ያነሱ ናቸው፤ 11 ሲቀነስ 4፣ 7። ቡድን ለ በአማካይ በ3 ብቻ ነው የሚያሸንፈው፣ ተጋጣሚዎቹ ግን ከመካከለኛው በ9 ይበልጣሉ፤ 12። ሁለቱ ገለልተኛ ሜዳ ላይ ቢገናኙ ለ በ5 ነጥብ ያሸንፋል ይላል ሒሳቡ። ማክስፕሬፕስ ሙሉ ቀመሩን አደባባይ ላይ አላሰጣውም፤ የድል ብዛት፣ የጠንካራ ቡድን ድልና የመርሐ ግብሩ ክብደት እንደሚገቡበት ግን ራሱ ይናገራል።

ኮርነር_ስሪ
ታዲያ የነጥብ ልዩነት የሚታይ ከሆነ ደካማውን ቡድን በ50 መጨፍለቅ ደረጃ ያወጣል ማለት ነዋ?

ሀ_ለ_ሐ_መ
ጥሩ የተሠራ ቀመር ጣሪያ ያበጅለታል። ከጣሪያው በላይ ያለው ነጥብ ወይ አይቆጠርም ወይ እያነሰ ይሄዳል። ጣሪያው 20 ከሆነ በ25 ማሸነፍና በ55 ማሸነፍ አንድ ናቸው።

ስኮርቡክ
ሜዳ ላይም ሕግ አለው። ብዙ ስቴቶች ልዩነቱ 30 ወይም 35 ከደረሰ በሁለተኛው አጋማሽ ሰዓቱ ሳይቆም እንዲሮጥ ያደርጋሉ። ስለዚህ የማታው የ50 ነጥብ ሕልም በሰዓት ይቆረጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ልዩነቱ 20 ሲሆን ሙሉ ሜዳ ፕሬስ (በመላው ሜዳ አስጨንቆ መከላከልን) ያላነሳ አሰልጣኝ በሚቀጥለው ዓመት ጨዋታ የሚሰጠው ያጣል። ወላጁ «ልጄ 30 ነጥብ አገባች» ብሎ ይለጥፋል፤ አሰልጣኞች ግን በማን ላይ እንደሆነ ያውቃሉ።

አሌክሳንድሪያ_ማዶ
እስካሁን ያልተነሳ ትልቅ ነገር አለ። ለምሳሌ «በስቴቱ 9ኛ» የሚለው ቁጥር በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤቶችን ደባልቆ ነው። በዋንጫ ጨዋታ ግን አይገናኙም። የሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በተማሪ ብዛት ከ1ኤ እስከ 4ኤ ተከፍለው በራሳቸው ማኅበር ሥር ይጫወታሉ። ቨርጂኒያ ከክላስ 1 እስከ ክላስ 6 ነው። የግሎቹ የየራሳቸው ሊግና ዋንጫ አላቸው። ዲሲ ብቻ ናት በከተማው ሻምፒዮና የመንግሥቱን፣ የቻርተሩንና የግሉን አንድ ላይ የምታገናኘው።

የዋሽንግተን ካቶሊክ ሊግ ደግሞ ጭራሽ የስቴት ወሰን አያውቅም። ሴንት ጆንስ ዲሲ ነው፣ ፖል ዘ ሲክስዝ ሻንቲሊ ቨርጂኒያ፣ ጉድ ካውንስል ኦልኒ ሜሪላንድ። እነዚህ እርስ በርስ እየተጫወቱ ነው ክረምቱን የሚያልፉት፤ በማክስፕሬፕስ ላይ ግን አንዱ በዲሲ፣ አንዱ በቨርጂኒያ፣ አንዱ በሜሪላንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ።

ስለዚህ 9ኛ የሆነ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ቡድን ከሱ በላይ ካሉት ስምንቱ ስድስቱ የግል ከሆኑ፣ ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ደግሞ ሌላ ክላስ ከሆነ፣ በዋንጫ መንገድ ላይ የሚያገኘው አንድ ቡድን ብቻ ነው። ማጣሪያውን ከ«ስቴት» ወደ ክላስ ቀይሩት፤ ያን ጊዜ ሥዕሉ ሌላ ይሆናል።

ኮርነር_ስሪ
ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ከትልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት በላይ መሆኑ ግን ፍትሐዊ ነው? 2,000 ተማሪ ያለው...

አሌክሳንድሪያ_ማዶ
ባስኬት አምስት ልጅ ነው የሚፈልገው። ሲድዌል ፍሬንድስ በ2021–22 ሲዝን ሳይሸነፍ የሀገሩ 1ኛ ተብሎ ጨርሷል፤ ኪኪ ራይስ በዚያው ዓመት የጌቶሬድ የሀገር ምርጥ ተጫዋች ሆና ዩሲኤልኤ ገባች። ከትምህርት ቤቱ ስፋት ጋር ምን አገናኘው? እርግጥ የግሉ ከየትም ሰፈር መቀበል ይችላል፤ የመንግሥቱ በሰፈር ክልል ይታጠራል። ዋንጫው የሚለያየውም በዚያ ምክንያት ነው።

የጂም_በር
ገባኝ። ታዲያ አሰልጣኙ ደረጃውን ለማሻሻል ማድረግ የሚችለው ነገር አለ? ሊጉ መርሐ ግብሩን ይወስናል አይደል?

ስኮርቡክ
አብዛኛው የሊግ ግዴታ ነው። የሚቀሩት ጥቂት ጨዋታዎችና የገና ሰሞን ውድድሮች ናቸው፤ ጥበቡ ያለው እዚያ ነው። አርፒአይ መሰል ቀመር በሚሠራበት ቦታ ትልቅ ስም ያለውን ግን 10 ያሸነፈ 12 የተሸነፈ ቡድን መጋበዝ ኪሳራ ነው። የሚመረጠው መካከለኛ አቅም ኖሮት በደካማ ሊግ ውስጥ ብዙ የሚያሸንፍ ቡድን ነው፤ የመሸነፍ ስጋቱ ትንሽ፣ የሚያመጣው ቁጥር ትልቅ። ቀመሩ የነጥብ ልዩነት የሚያይ ከሆነ ደግሞ ይህ ዘዴ ዋጋ የለውም፤ እዚያ ጠንካራውን ገጥሞ በ4 መሸነፍ ራሱ ያወጣል። አሪዞና እንደሚደረገው የናይኪ ቶርናመንት ኦፍ ቻምፒየንስ ያለው ግን በጀትና ጥሪ ይጠይቃል፤ ሁሉም የሚደርስበት አይደለም።

እናት_በሦስተኛው_ረድፍ
ደረጃውን እናንተ ጨርሱት፣ እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ዳኞች ጨዋታ ሊጀመር ሲል ልጆችን ማተባችሁን አውልቁ ይላሉ። ሕጉ ምንድን ነው? መስቀል ያለበት ማተብ እንዴት ይወለቃል?

አምስተኛ_ፋውል
እህቴ፣ በኤንኤፍኤችኤስ (የሃይስኩል ስፖርት ሕግ በሚያወጣው የሀገሩ ማኅበር) ሕግ ጌጥ ክልክል ነው፤ የሃይማኖት ምልክት ግን ጌጥ አይባልም። ሁለት ግዴታ አለው፦ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ከመለያው ሥር ይሆናል። ስለዚህ «አውልቂ» ሳይሆን «ለጥፊና ሸፍኚ» ነው መባል ያለበት። ጉትቻ ግን በፕላስተር ተሸፍኖም አይፈቀድም፤ እሱን ቤት ተዉት።

አለጣጠፉ፦ ክሩ ከአንገት ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ አደጋው እውነተኛ ነው፤ ለሪባውንድ ስትዘል የሌላዋ ጣት ይገባበታል። ክሩን አሳጥራችሁ መስቀሉን ከአንገት አጥንቱ ዝቅ አድርጋችሁ ደረት ላይ አጋድሙት። ቆዳው በአልኮል ተጠርጎ ይድረቅ፣ ቅባት ካለው ፕላስተሩ በመጀመሪያው ኳርተር ይላቀቃል። ሁለት ሴንቲ ተኩል ስፋት ያለው የስፖርት ፕላስተር ሁለት ቁራጭ በመስቀለኛ መስቀሉ ላይ፣ አንድ አንድ ደግሞ ግራና ቀኝ ክሩ ላይ። ከላይ ጠበቅ ያለ የውስጥ ልብስ። በእረፍት ሰዓት እርጥቡ ተነሥቶ በአዲስ ይተካ። ይህ ሁሉ ከመኪና ከመውረዳችሁ በፊት ይለቅ፤ ዳኛው ከጨዋታ በፊት አሰልጣኙን «ተጫዋቾችህ በሕጉ መሠረት ለብሰዋል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ አሰልጣኙ አዎ ካለ በኋላ ችግር ቢገኝ የሚያፍረው እሱ ነው።

ሒጃብ ለምትለብስም እንዲሁ ይታወቅ። 2017 ላይ ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ተጫዋች በሒጃቧ ምክንያት ከሪጅን ፍጻሜ ውጭ ተደርጋ ብዙ ተብሎበታል፤ ያኔ የስቴት ማኅበር የፈቃድ ደብዳቤ ይጠየቅ ነበር። አሁን ግን በኤንኤፍኤችኤስ ሕግ ፈቃድ አያስፈልግም። ጨርቁ ጠንካራ ነገር ወይም ስፒል የሌለበት፣ በጨዋታ የማይፈታ ይሁን።

እናት_በሦስተኛው_ረድፍ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን አትሜ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባለሁ።

ከበሮ_ተከልክሏል
ዳኛ ከተገኘ ዘንድ፦ እልልታ ይፈቀዳል?

አምስተኛ_ፋውል
ድምፅ ነው፣ ይፈቀዳል። ከበሮ፣ ፊሽካና ጥሩንባ ግን ወደ ጂም ይዛችሁ አትምጡ፤ ብዙ ስቴቶችና ትምህርት ቤቶች ይከለክላሉ፣ ፊሽካ ደግሞ ጨዋታ ያስቆማል። አንድ ነገር ልለምን ግን፦ የራሳችሁ ልጅ ፍሪስሮ (ከፋውል በኋላ የሚሰጠውን ነጻ ውርወራ) ልትወረውር መስመር ላይ ስትቆም እልል አትበሉባት። ሪንጉ ውስጥ ከገባ በኋላ የፈለጋችሁትን።

ሌላው «ያዣት!» ነው። በአማርኛ «ያዣት» ስትሉ ተከላከያት ማለታችሁ ነው፤ ልጅቷ ግን በእጇ ትይዛለች፣ እኔ ፋውል እነፋለሁ። በሃይስኩል በአምስት ፋውል ትወጣለች፣ ጨዋታውም እያንዳንዱ 8 ደቂቃ የሆነ አራት ኳርተር ነው፤ በመጀመሪያው ሁለት ፋውል ያገኘች ልጅ እረፍት እስኪሆን ቤንች ላይ ናት። «እግርሽን!» በሏት። «ፊቷ ቁሚ!» በሏት። «እጅሽን አንሺ» ከሁሉ ይሻላል።

ኮርነር_ስሪ
😂 «ያዣት» የስንቷን ልጅ አምስተኛ ፋውል እንዳስነፋ!

ስኮርቡክ
የቡድን ፋውልንም ብዙ ሰው በድሮው ነው የሚቆጥረው። ከ2023–24 ጀምሮ በኤንኤፍኤችኤስ ሕግ «ዋን ኤንድ ዋን» (የመጀመሪያውን ፍሪስሮ ካገባች ብቻ ሁለተኛ የሚሰጥበት) የለም። የቡድን ፋውል በየኳርተሩ ከዜሮ ይጀምራል፣ በኳርተሩ አምስተኛው ላይ ሁለት ፍሪስሮ ይሰጣል። ስለዚህ በአራተኛው ኳርተር ማብቂያ «ለምን ፋውል አያደርጉም» ብላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት ቦርዱን እዩ፤ ሁለት ፋውል ብቻ ካላቸው ተጋጣሚን ወደ መስመር ለመላክ ገና ሦስት ይቀራቸዋል፣ ያ ሁሉ ሰዓት ይበላል።

ሰማያዊ_መለያ
ዳኛ ላይ የሚጮኹ ወላጆችን ማን ነው የሚያስወጣው? ዳኛው ራሱ ነው?

አምስተኛ_ፋውል
የባለሜዳው ትምህርት ቤት ኃላፊ። ዳኛው ጨዋታ አቁሞ ኃላፊውን ይጠራል፣ ኃላፊው ያስወጣል። የደጋፊው ጠባይ ጨዋታውን ካወከ ግን ፋውሉ በቡድኑ ላይ ሊነፋ ይችላል፤ የአባትየው ንዴት ለተጋጣሚ ሁለት ፍሪስሮና ኳስ ሆነ ማለት ነው።

ሪቪል_ቦርድ
ወደ ጥያቄው ሦስተኛ ክፍል ልመለስ፣ ኮሌጅ። የቡድን ደረጃ ለልጅቷ በቀጥታ የሚያመጣው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በተዘዋዋሪ አንድ ነገር አለ፤ ጠንካራ መርሐ ግብር ያለው ቡድን ጨዋታ ላይ የኮሌጅ አሰልጣኝ ሌላዋን ሊያይ መጥቶ ያንቺንም ያያል። ከዚያ ውጭ አብዛኛው ምልመላ የሚካሄደው በፀደይና በበጋ፣ በክለብ ቡድን ነው፤ የናይኪ ኢዋይቢኤል (የወጣት ክለቦች ሊግ) እና የአዲዳስ ውድድሮች ላይ አንድ ጂም ውስጥ ስምንት ሜዳ ይዘረጋል፣ አሰልጣኞቹ ዙሪያውን በወንበር ይሰለፋሉ።

ቁጥሩን በግልጽ እንየው። በሀገሩ ከ350 ሺህ በላይ ልጃገረዶች ሃይስኩል ባስኬት ይጫወታሉ። ዲቪዥን 1 (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን) ወደ 360 ቡድን ነው፣ በየቡድኑ 15 ልጅ፤ 5,400 ቦታ። በዓመት የሚከፈተው ሩቡ ያህል ቢሆን እንኳ ከፊሉ ከሌላ ኮሌጅ በሚዛወሩና ከውጭ ሀገር በሚመጡ ይያዛል። ስለዚህ «ስቴት 9ኛ ነን» ማለት ስኮላርሺፕ ማለት አይደለም። ዲቪዥን 3 እና አይቪ ሊግ ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ የሚሰጡት በገቢና (ዲቪዥን 3 ላይ) በትምህርት ውጤት ነው። ይህን የማያውቅ ወላጅ ዲቪዥን 3 አሰልጣኝ ሲደውል ይንቀዋል፤ በገንዘብ ሲሰላ ግን ከከፊል የዲቪዥን 2 ስኮላርሺፕ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወረቀቱ ግን ከደረጃው ይቀድማል። ለዲቪዥን 1 በኤንሲኤኤ የሚቆጠሩ 16 ዋና ዋና ኮርሶች፣ በነሱ ላይ ቢያንስ 2.3 አማካይ፤ ከ16ቱ 10ሩ ደግሞ የመጨረሻው ዓመት ከመጀመሩ በፊት ያለቁ። ኤስኤቲ ከ2023 ጀምሮ ለብቁነት አይጠየቅም። ከኢትዮጵያ በ10ኛ ወይም በ11ኛ ክፍል የመጣች ልጅ ካለች የ9ኛ ክፍል ውጤቷም ይቆጠራል፤ ማኅተም ያለበት ዋናው ትራንስክሪፕት ከትምህርት ቤቱ ይምጣ፣ በእንግሊዝኛ ካልሆነ ከትርጉሙ ጋር። ይህን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ልኮ ማስወጣት ወራት ይፈጃል፤ 12ኛ ክፍል ላይ አይጀመርም።

ሰማያዊ_መለያ
የግለሰብ ደረጃስ? «አምስት ኮከብ»፣ «ኢኤስፒኤን 100» የሚባለው።

ሪቪል_ቦርድ
ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ልጆች ያሉበት የሚታወቅ ነው፤ ቀድሞውኑ በትላልቆቹ የክለብ ሰርኪዩቶች ላይ የሚጫወቱ ናቸው። ለቀሩት ደረጃ የሚሸጥ ሰው ከመጣ በሩን አሳዩት። የሴንት ጆንሷ አዚ ፈድ 2019 ላይ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆና የጌቶሬድ የሀገር ምርጥ ተባለች፤ በዚያ ደረጃ የመጀመሪያዋ ነበረች። በዚያው ፀደይ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። 2025 ላይ ከዩኮን (የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ) ጋር የኮሌጅ ዋንጫ አንስታ የፍጻሜው ምርጥ እስክትባል ስድስት ዓመት አለፈ። ቅዳሜ ሦስት ጨዋታ፣ እሑድ ሁለት የሚያስጫውት ክለብ ስትመርጡ ይህን አስቡ፤ የሴት ልጅ ጉልበት ከወንዱ ይበልጥ ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው። ክለቡ ከጨዋታ በፊት 15 ደቂቃ የዝላይና ከዝላይ በትክክል የማረፍ ልምምድ ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጉልበት ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ በሁለት እግር ማረፍ፣ ያ ነው ዋናው።

ኮርነር_ስሪ
ለቪድዮስ? ስልክ ይበቃል?

ሪቪል_ቦርድ
ስልክ ይበቃል፣ ትራይፖድ ካለ። ከመካከለኛው መስመር አንጻር፣ ከላይኛው ረድፍ። ኳሷን እየተከተላችሁ አታጉሉ፤ አሥሩም ልጆች ይታዩ፣ አሰልጣኙ የሚያየው ኳስ የሌላት ልጅ ምን እንደምትሠራ ነው። በየኳርተሩ መጨረሻ ካሜራውን አንድ ጊዜ ወደ ውጤት ቦርዱ አዙሩ። ማጠቃለያው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ፣ ከ20 እስከ 25 ቁራጭ፤ እያንዳንዱ ሲጀምር ልጅቷ ላይ ቀስት። የመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ላይ የተሻለው ይግባ፣ ሁሉም ሦስት ነጥብ አይሁን፤ አንድ ጥሩ ፓስ፣ አንድ ቻርጅ መቀበል (ቆማ የምትመጣውን አጥቂ በደረቷ ተቀብላ ፋውል ማስነፋት)። ከሥሩ ያልተቆረጠ ሙሉ ጨዋታ ሊንክ፣ ቢቻል የተሸነፉበት። እና ካሜራው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ አሰልጣኙን አትማሙ፤ ማይኩ ሁሉን ይሰማል።

ሀ_ለ_ሐ_መ
ስታቲስቲክስ የምትይዙ ነጥብ ብቻ አትቁጠሩ። ከ12 ሙከራ 5 ያገባች ልጅ 41.7 በመቶ ናት። ከአምስቱ ሁለቱ ሦስት ነጥብ ከሆኑ ግን (5 + 1) ለ12፣ 50 በመቶ፤ ሦስት ነጥቡ ግማሽ ተጨምሮበት ነው የሚቆጠረው። አሲስትን (ጎል የሆነ ፓስ) ለተርንኦቨር (ኳስ ማስነጠቅ) አካፍሉ፤ ኳስ አመላላሽ ሆና ከ1 በታች ከሆነች የቱንም ያህል ነጥብ ብታገባ የሚታየው እሱ ነው።

እናት_በሦስተኛው_ረድፍ
ጾሙንም አንድ በሉን። የሪጅን ጨዋታ ሁልጊዜ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል።

ሰማያዊ_መለያ
በ2026 ሁዳዴ ፌብሩዋሪ 16 ገባ፣ ረመዳንም በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ተከተለ፤ ስለዚህ የሁለቱም ልጆች ጥያቄ አንድ ነበር። ጨዋታው (ሰዓቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ማታ 7 ከሆነ ዋናው ምግብ ከቀኑ 3 እና 4 መካከል ይሁን፦ ሩዝ ወይም ፓስታ በቲማቲም ቁሌት፣ ወይም ዳቦ በለውዝ ቅቤ። ሽሮና ምስር ከጨዋታ በፊት አይስማማም፤ ሆድ ይነፋል፣ በሁለተኛው ኳርተር ጎን ይወጋል። እነሱ ከጨዋታ በኋላ ይሁኑ፣ ፕሮቲኑ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። አንድ ሰዓት ሲቀር ሙዝ ወይም ተምር። ምስሩ ላይ ሎሚ ይጨመቅበት፣ ሻይ ግን ከምግቡ ጋር አይጠጣ፤ ሻይ ብረቱን ያስቀረዋል፣ ሎሚ ያስገባዋል፣ የጾም ወራት የልጃገረዶች ድካም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የብረት ማነስ ነው። እስከ ከቀኑ 3 ሰዓት ሳትቀምስ የምትቆይ ልጅ ካለች በጨዋታ ቀን ምን ታድርግ የሚለውን ለንስሐ አባቷ ትንገር። ረመዳን የያዘች ደግሞ ቀድማ ለአሰልጣኟ ትንገር፤ ፀሐይ በጨዋታ መሐል ከጠለቀች ተምርና ውሃ ቤንች ላይ ይጠብቃት።

የጂም_በር
በጣም አመሰግናለሁ፣ ከጠየቅሁት በላይ አገኘሁ። የመጨረሻ አንድ ነገር፦ ማክስፕሬፕስ ላይ የተመዘገበው ውጤት ራሱ ስህተት ቢሆንስ? ሁለት ጨዋታ ጭራሽ ያልገባ ቡድን አይቻለሁ።

ስኮርቡክ
የደረጃ ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚህ ነው የሚመነጨው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የገባለትን ብቻ ነው። ስህተቶቹም የታወቁ ናቸው፦ ያልገባ ጨዋታ፣ የተገለበጠ ውጤት፣ የጄቪ (የሁለተኛው ቡድን) ጨዋታ በቫርሲቲ (በዋናው ቡድን) ስም፣ የልምምድ ጨዋታ እንደ ሲዝን ጨዋታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተመሳሳይ ስም። «ሴንት ጆንስ» የሚባል ትምህርት ቤት በየስቴቱ አለ፤ አሰልጣኙ ቸኩሎ የመጀመሪያውን ሲነካ የዲሲው ድል ለሌላ ስቴት ትምህርት ቤት ይመዘገባል፣ የመርሐ ግብሩ ክብደት ይዛባል።

ወላጅ ራሱ አይነካውም። የሚያስተካክለው የቡድኑ አካውንት ያለው አሰልጣኝ ወይም አትሌቲክ ዳይሬክተሩ ነው። የቡድኑን የጨዋታ ዝርዝር ከትምህርት ቤቱ ካላንደር ጋር በቀን በቀኑ አስተያዩ፣ የማይገጥመውን ብቻ ጻፉ፦ ቀን፣ ተጋጣሚ ከነከተማው፣ ውጤት። አንድ ኢሜይል፣ አምስት መስመር። «ደረጃችን ለምን ወረደ» የሚል ቃል አይግባበት፤ ያ ከገባ አይነበብም።

የጂም_በር
ተጋጣሚው በሌላ ውጤት አስገብቶ ከሆነስ? የኛ 47 ለ 44 ይላል፣ የነሱ 46 ለ 44።

ስኮርቡክ
የባለሜዳው ስኮርቡክ ነው ኦፊሴሉ። የመጨረሻውን ገጽ ጨዋታው እንዳለቀ፣ ልጆቹ እጅ እየተጨባበጡ ሳለ፣ ጠረጴዛው ላይ እያለ ፎቶ አንሱት፤ የተራ ድምሩ ረድፍና የየኳርተሩ ሳጥን ሁለቱም ይታዩ። በማግሥቱ ማንም አያገኘውም።